አር ኤን ኤ ተላላኪ ብቻ አይደለም፦ በስፋት ለተነበበ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ረጅም ጽሑፍ በየስልካችን ሲዞር ከርሟል። ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ስለማስተምር ነው መሰለኝ ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ላኩልኝ። ባልደረቦቼ ላኩልኝ። መሐል ሜዳ ያለች ዘመዴም «እስቲ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላ ላከችልኝ። ጽሑፉ ስለ አር ኤን ኤ እና ስለ ፕሮቲን ነው። አር ኤን ኤ በሕዋሳችን ውስጥ ከዲ ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር መረጃችን ከተጻፈበት ሞለኪውል፣ የሚገለበጥ ሞለኪውል ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም፤ የሰሜን ሸዋ ሰው መሆናቸውን ግን ራሳቸው ይናገራሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አማርኛቸው ጥሩ ነው። በሕዋስ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር በቋንቋችን ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ የለንም። ስለዚህ ጽሑፉን በንቀት አላየሁትም፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን መነሻው ስህተት ነው። አንደኛው ነጥብ ደግሞ ከስህተትም አልፎ ሰው ይጎዳል። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ አር ኤን ኤ የዲ ኤን ኤን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያደርስ ተላላኪ ነው፤ አድርሶ ይጠፋል፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ሁለተኛ፣ ፕሮቲን የማይወጣው አር ኤን ኤ ሁሉ የሕዋስ ውዳቂ ነው። ሦስተኛ፣ አር ኤን ኤ ጠባቂ የሌለው፣ እንዳሻው የሚንሳፈፍ ነገር ስለሆነ በክትባት ሲገባ ከዲ ኤን ኤያችን ጋር ተቀላቅሎ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ምርምር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ የሰሜን ሸዋ ገበሬ የሚፈልገው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። ያጎደልኩባቸው ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። የሌሎቹ መልስ ለእሱ መንገድ ይጠርጋል።

«አር ኤን ኤ ተላላኪ ነው»

ከእውነቱ ልጀምር። አር ኤን ኤ መልእክት ያደርሳል። መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባለው ዓይነት በ1961 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ከዲ ኤን ኤ ይገለበጣል፣ ወደ ራይቦዞም ይሄዳል፣ እዚያ ሲነበብ ፕሮቲን ይሠራበታል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ይቆጠራል። እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። እኛ አስተማሪዎችም ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ፣ ከአር ኤን ኤ ወደ ፕሮቲን የሚሄድ ቀስት ሰሌዳ ላይ ሥለን እናልፋለን። ተማሪ ይህችን ብቻ ይዞ ቢቀር አይፈረድበትም።

ችግሩ ጸሐፊው እዚያ ላይ ማቆማቸው ነው። እስቲ መልእክቱ የሚደርስበትን ቦታ እንየው። ራይቦዞም ራሱ ከምንድን ነው የተሠራው? ጸሐፊው «የፕሮቲን ፋብሪካ» ብለው አልፈውታል። የሰው ራይቦዞም 4 የአር ኤን ኤ ሰንሰለቶችና 80 ገደማ ፕሮቲኖች አሉት። የባክቴሪያ ራይቦዞም ቢመዘን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማው አር ኤን ኤ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሳይንቲስቶች እንደ ጸሐፊው ያስቡ ነበር። አር ኤን ኤው ደጋፊ ነው፣ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖቹ ናቸው ይሉ ነበር።

በ2000 እ.ኤ.አ. የራይቦዞም ቅርጽ አቶሞቹ እስኪለዩ ድረስ ሲታይ ነገሩ ተገለበጠ። የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ በሚያያዙበት ቦታ ላይ ፕሮቲን አልተገኘም። ለቦታው ቅርብ የሆነው ፕሮቲን 2 ናኖሜትር ገደማ ይርቃል። ለኬሚካል ሥራ ይህ በጣም ሩቅ ነው። አያያዡ አር ኤን ኤው ነው። ለራይቦዞም ጥናታቸው ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝ እና አዳ ዮናት በ2009 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። አር ኤን ኤ እንደ ኢንዛይም፣ ማለትም የሕዋስን ኬሚካላዊ ሥራ እንደሚያፋጥን ነገር፣ መሥራት እንደሚችል ደግሞ ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን ቀደም ብለው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳይተው ነበር። እነሱም በ1989 ኖቤል አግኝተውበታል።

እንግዲህ በጡንቻችን፣ በደማችን፣ በፀጉራችን ያለ ፕሮቲን ሁሉ የተያያዘው በአር ኤን ኤ ነው። ጸሐፊው ሠራተኛ ያሏቸው ፕሮቲኖች የተላላኪው ሥራ ውጤት ናቸው።

እንዲህ ሲባል ግን በራይቦዞም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሥራ ፈት ናቸው ማለት አይደለም። አር ኤን ኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው። ሲታጠፍ ራሱ ራሱን ይገፋል። ፕሮቲኖቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን አሚኖ አሲዶች፣ እነ ላይሲንንና አርጂኒንን የተሸከሙ ረጃጅም ጭራዎቻቸውን በእጥፋቶቹ መካከል ያስገባሉ። መገፋፋቱ ይቀንሳል፣ ቅርጹ ይጸናል። አር ኤን ኤው ያያይዛል፣ ፕሮቲኖቹ ቅርጹን ያጸኑለታል። አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ ማድረግ አይቻልም። ጽሑፉን ሳነብ ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ይሄ ነው፤ የሁለቱ መያያዝ እያለ እነሱ ስለ ማዕረግ ጻፉ።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ትራኮማን ለማጥፋት በአማራ ክልል ለዓመታት በዘመቻ ሲታደል የኖረውን ዚትሮማክስ እናውቀዋለን። አዚትሮማይሲን ነው። ባክቴሪያውን እንዴት ነው የሚይዘው? ራይቦዞም ውስጥ አዲሱ ፕሮቲን እየረዘመ የሚወጣበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። መድኃኒቱ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚጣበቀውም አር ኤን ኤው ላይ ነው። መተላለፊያው ሲጠብ የባክቴሪያው የፕሮቲን ሥራ ይስተጓጎላል። በየቤቱ የሚገኘው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም እንደዚሁ የሚያርፈው በራይቦዞም አር ኤን ኤ ላይ ነው፤ ቦታው ብቻ ይለያል።

ታዲያ መድኃኒቱ የእኛን ራይቦዞም ለምን አያቆምም? አዚትሮማይሲን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ባክቴሪያዎች «ኤ» የምትባል ፊደል አላቸው። በእኛ ራይቦዞም እዚያው ቦታ ላይ ያለችው «ጂ» ናት። ፊደል የምለው አር ኤን ኤ የተሠራባቸውን አራት ኬሚካሎች ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚለምዱትም ይህችን ፊደል በመለወጥ ነው፤ ወይም አንድ ፕሮቲን ልከው ፊደሏ ላይ ትንሽ ነገር ያስለጥፉባታል፤ መድኃኒቱ ማረፊያ ያጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መልእክተኛው አር ኤን ኤ አልተነካም። አር ኤን ኤ መልእክት ከማድረስ ሌላ ሥራ ባይኖረው ኖሮ ኪኒኑ ባክቴሪያው ውስጥ ምን ይይዝ ነበር?

«ፕሮቲን የማይወጣው አር ኤን ኤ ውዳቂ ነው»

እዚህም የምቀበለው አለ። የሰው ዲ ኤን ኤ ለፕሮቲን የሚሆኑ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉት። ፕሮቲን ሆኖ የሚነበበው ክፍል ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀረው ውስጥ ብዙው ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ሥራ አለው የሚል ሰው ካለ አጋኗል፤ ሳይንቲስቶችም እየተከራከሩበት ነው፤ ከፊሉ በእርግጥ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ከፊሉ» ከሚለው ተነስቶ «ሁሉም» ላይ መድረስ ትልቅ ዝላይ ነው።

በግ አርቢ አገር ላይ ነን፤ በበግ ልመልስ። ቴክሴል የሚባል የአውሮፓ በግ አለ። ጭኑና ወገቡ በሥጋ የተሞላ ነው። በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ማዮስታቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የጡንቻን እድገት የሚገታ ነው። እንግዲህ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የቴክሴል በግ ማዮስታቲን ተበላሽቷል ብሎ ነው። ተመራማሪዎች ሲያዩት ግን ፕሮቲኑ ደህና ነበር። አንድም አሚኖ አሲድ አልተለወጠም።

የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። «ጂ» የነበረችው «ኤ» ሆናለች። የተለወጠችውም በመልእክተኛው አር ኤን ኤ ጭራ ላይ፣ ፕሮቲን የሚሆነው ክፍል ካለቀ በኋላ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንዳሳየው ይህች አንዲት ለውጥ ለሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ማረፊያ ፈጠረች። ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ ናት። ከእሷ ፕሮቲን አይሠራም። ብቻዋንም ብዙ አትሠራም፤ አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ውስጥ ትገባለች። አርጎኖት አጥብቆ ይይዛታል፤ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉትን ፊደሎቿን ግን ወደ ውጭ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። አርጎኖትና ማይክሮ አር ኤን ኤዋ በእነዚያ ፊደሎች ገጣሚያቸውን ይፈልጋሉ። ገጣሚው ሲገኝ ያ መልእክተኛ አር ኤን ኤ በደንብ እንዳይነበብ ይደረጋል። በቴክሴል በግ ጡንቻ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ማዮስታቲን አነሰ፣ ሥጋው ጨመረ።

በጸሐፊው ሚዛን የመልእክቱ ጭራ ውዳቂ ነው፣ ማይክሮ አር ኤን ኤዋም ውዳቂ ናት። የሁለቱ ውጤት ግን ገበያ ላይ በእጅ ጭኑን ዳብሶ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ነገር ነው። የመንዝ በግ ይህች ለውጥ አለችው እያልኩ አይደለም። የመንዝ በግ ሌላ በረከት አለው፤ ብርዱንና የመኖ እጥረቱን ይችላል። የምለው እርባታ ላይ የሚሠራ ሰው ፕሮቲን የሚሆነውን ክፍል ብቻ ቢመለከት እንዲህ ያለውን ነገር ሳያይ ያልፋል ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤን በ1993 እ.ኤ.አ. በትል ላይ ያገኙት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ለዓመታት «የትል ጉዳይ ነው» ተብለው ብዙም ሰሚ አላገኙም ነበር። በ2024 ኖቤል ተሰጣቸው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ብረት ነው። ጤፍ ብረት አለው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ የምንጃር ሰው ደግሞ በጤፉ ቢኮራ አይበዛበትም። ብረት ለሕዋስ አስፈላጊም አደገኛም ነው። ሲያንስ ደም ማነስ ይመጣል። ሲበዛ ሕዋስ ይጎዳል። ስለዚህ ሕዋስ ትርፉን ፌሪቲን በሚባል ፕሮቲን ውስጥ ያከማቻል። ፌሪቲን ከ24 ክፍሎች የሚገጣጠም፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ፕሮቲን ነው። አንዱ እስከ 4,500 የብረት አቶም ይይዛል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሕዋስ ጎተራውን መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል?

የፌሪቲን መልእክተኛ አር ኤን ኤ መጀመሪያ ላይ፣ ፕሮቲን የሚሆነው ክፍል ከመድረሱ በፊት፣ 30 ፊደል ገደማ ያለው ቁራጭ አለ። በራሱ ላይ ይታጠፍና ጫፉ ላይ 6 ፊደል ያለው ቀለበት ይሠራል። ከዚህ ቁራጭ አንድም አሚኖ አሲድ አይወጣም። ብረት ሲያንስ የብረት ተቆጣጣሪ የሚባል ፕሮቲን ይመጣና ይህን እጥፋት ይይዛል። እሱ እዚያ ሳለ ራይቦዞሙ ንባቡን መጀመር አይችልም። ፌሪቲን አይሠራም። ያለችው ጥቂት ብረት ሳትከማች ለሥራ ትውላለች።

ብረት ሲበዛስ? ተቆጣጣሪው ፕሮቲን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው 4 ብረትና 4 ሰልፈር ያለው ስብስብ ይቀበልና ቅርጹን ይለውጣል፤ አር ኤን ኤውንም ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም፤ አኮኒቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሆኖ ሌላ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ እንዲፈርስ ይደረጋል። መንገዱ ይከፈታል፣ ፌሪቲን ይሠራል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብረትን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ሌላ ፕሮቲን አለ። የእሱም መልእክተኛ አር ኤን ኤ ተመሳሳይ እጥፋቶች አሉት፤ 5 ናቸው፤ ያሉት ግን በጭራው በኩል ነው። እዚያ ላይ ያው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ሲይዝ መልእክቱን አያግድም፤ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብረት ሲያንስ አንዱ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ማከማቻውን ያስቆማል፣ ማስገቢያውን ያበዛል። ያው ፕሮቲን፣ ያው እጥፋት፤ ውጤቱን የሚለየው የተያዘበት ቦታ ነው። እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

እጥፋቱ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን በሰው ላይ ታይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ስለ አንዳንድ ቤተሰቦች የወጡ ጥናቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች በወጣትነታቸው የዓይን ሞራ ይይዛቸዋል። የፌሪቲን ፕሮቲናቸው ጤነኛ ነው። በሰውነታቸውም የበዛ ብረት የለም። የተለወጠችው በዚያች እጥፋት ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ተቆጣጣሪው መያዣ አጣ፤ ፌሪቲን ያለ ልክ ተሠራ፤ በዓይን ሌንስ ውስጥ ተጠራቀመ። ውዳቂ የተባለች አንዲት ፊደል ስትሳሳት ዓይን ታጠፋለች።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው»

ይህን ነጥብ የጻፉት ከልባቸው እንደሆነ ይሰማኛል፤ በከፊልም ልክ ናቸው። የአር ኤን ኤ እውቀት ካስገኛቸው መድኃኒቶች አንዱ ኑሲነርሰን ነው። ሕፃናትን ጡንቻቸውን አዳክሞ ለሚገድል አንድ በሽታ ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚሠራው አንድ ፕሮቲን የሚይዘውን የአር ኤን ኤ ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው፤ ሕዋሱ የሚጥለውን አስፈላጊ ቁራጭ እንዳይጥለው ያደርጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ 750,000 ዶላር ነበር። ይህ ዋጋ ለእኛ የማይታሰብ ነው። ማዳበሪያ በሰዓቱ ያላገኘ ገበሬ ዘንድ ሄዶ ስለ አር ኤን ኤ ማውራትም ተገቢ አይደለም።

ግን ጸሐፊው ራሳቸው «ምርጥ ዘር» ብለዋል። እሺ፣ የድንች ዘር እንውሰድ። የደጋው ገበሬ ከምርቱ ትንንሹን ድንች ለዘር ያስቀራል። ለዓመታት ሲደጋግመው ምርቱ እየቀነሰ ይመጣል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ቫይረስ ነው። የድንች ቅጠል የሚጠቀልለው ቫይረስና ቫይረስ ዋይ የሚባለው፣ የሁለቱም የዘር መረጃ የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ነፍሳት ከተክል ወደ ተክል ያዛምታቸዋል፤ ከዚያ በዘር ድንቹ ውስጥ ሆነው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራሉ።

ድንቹ ዝም ብሎ አይበላም። የቫይረሱን አር ኤን ኤ የሚቆራርጥ ፕሮቲን አለው። ቁርጥራጩን አርጎኖት ይወስድና ሌላውን የቫይረስ አር ኤን ኤ እያደነ ያስቆርጥበታል። ከላይ በበጉ ጡንቻ ያየነው የፕሮቲን ቤተሰብ ነው እዚህም የሚሠራው። ቫይረስ ዋይ ደግሞ መከላከያ አለው። አንድ ፕሮቲኑ እነዚያን ትንንሽ ቁርጥራጮች ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ አርጎኖት ባዶ እጁን ይቀራል። ማን ቀድሞ አር ኤን ኤውን ያዘ የሚለው ነገር ነው የተክሉን ጤና የሚወስነው። ንጹህ የድንች ዘር የሚያባዛ ላቦራቶሪም እናት ተክሉ ከቫይረስ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጠው የቫይረሱን ፕሮቲን ወይም አር ኤን ኤውን ፈልጎ ነው። ምርጥ ዘር ይምጣ፣ እውቀቱ ይቅር ማለት አይሆንም።

«አር ኤን ኤ ተንሳፍፎ ከዲ ኤን ኤያችን ይቀላቀላል»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ጸሐፊው አር ኤን ኤን ራቁቱን፣ ያለ ጠባቂ የሚዞር አድርገው ነው ያቀረቡት። በሕያው ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕይወት የለውም። መልእክተኛ አር ኤን ኤ ገና ከዲ ኤን ኤ እየተገለበጠ ሳለ ፊቱ ላይ ልዩ ምልክት ይደረግበታል፣ ያን ምልክት የሚይዝ ፕሮቲን ይመጣል። የማያስፈልገው ክፍል ተቆርጦ የቀረው ሲቀጠል፣ ከቅጥሉ 20 ወይም 24 ፊደል ቀደም ብሎ የፕሮቲኖች ስብስብ ይቀመጣል። ጭራውን ሌሎች ፕሮቲኖች ይሸፍኑታል። ከኒውክለስ የሚያወጡት ፕሮቲኖች ናቸው። የሚያፈርሱትም ፕሮቲኖች ናቸው። በሰው ሕዋስ አር ኤን ኤ የሚይዙ ከ1,500 በላይ ፕሮቲኖች ይታወቃሉ። አር ኤን ኤ የት ይሂድ፣ ምን ያህል ይነበብ፣ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለው ሁሉ የሚወሰነው ከእነሱ ጋር በሚያደርገው መያያዝ ነው።

ከውጭ ለሚመጣ አር ኤን ኤ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በላባችን፣ በምራቃችን፣ በቆዳችን ላይ አር ኤን ኤን የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞች አሉ። በላቦራቶሪ አር ኤን ኤ የሚነካ ሰው ጓንት የሚያጠልቀው ከራሱ እጅ ሊጠብቀው ጭምር ነው። በአንዳንድ የኮቪድ ክትባቶች የሚሰጠው አር ኤን ኤ በቅባት ተጠቅልሎ የሚገባውም ለዚህ ነው። ከገባም በኋላ እንግዳ አር ኤን ኤን የሚይዙ፣ ይዘውም ሰውነትን የሚያስጠነቅቁ ፕሮቲኖች ይጠብቁታል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ከአር ኤን ኤው ፊደሎች አንዷን ትንሽ ለወጥ ብታደርጋት እነዚህ ጠባቂዎች እንደማይቆጡ ነው። በ2023 ኖቤል ያገኙት በዚህ ነው። አር ኤን ኤ ጠባቂ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልግ ነበር?

አር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ የሚለወጥበት መንገድ የለም አልልም። አለ። ኤች አይ ቪ ያደርገዋል። ግን ኤች አይ ቪ ይህን የሚያደርገው ሁለት የራሱን ኢንዛይሞች ይዞ ስለሚመጣ ነው። አንደኛው አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል፣ ሁለተኛው ያን ወስዶ በሰውየው ዲ ኤን ኤ ውስጥ ይሰካል። የኮቪድ ክትባቱ አር ኤን ኤ እነዚህን አልያዘም፤ የቫይረሱን የላይ ፕሮቲን ብቻ ነው የሚያሠራው። ጸሐፊው አልጠቀሱትም እንጂ በ2022 ከስዊድን የወጣ አንድ ጥናትም አለ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባደገ የጉበት ካንሰር ሕዋስ ውስጥ የክትባቱ አር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ ሲገለበጥ ታይቷል። ሕዋሳችን የራሱ ገልባጭ ኢንዛይም ስላለው ይህ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። ጥናቱ ግን ቅጂው በሕዋሱ ዲ ኤን ኤ ውስጥ ገብቷል አላለም፤ የተሠራውም በሰው ላይ አይደለም። ለልጅ ይተላለፍ ቢባል ደግሞ ነገሩ በእንቁላል ወይም በወንድ ዘር ሕዋስ ውስጥ መሆን ነበረበት። ክትባቱ ምንም ጉዳት የለውም ማለቴም አይደለም። በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ ብግነት ታይቷል። ይህን መናገር ተገቢ ነው። ዘር ይለውጣል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ከብቶቻችን ልመለስ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ሸዋ አይረሳውም። በሬዎቹን የጨረሰው ደስታ የተባለው በሽታ ነው። የደስታ ቫይረስ ዘሩ አር ኤን ኤ ነው። ዛሬ በጎቻችንንና ፍየሎቻችንን የሚያጠቃው ደስታ መሰል በሽታም ዘመዱ ነው። የሕፃናት ኩፍኝም ዘመዳቸው ነው። የሦስቱም አር ኤን ኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕሮቲን የተሸፈነ ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮቲን 6 ፊደል ይይዛል። የደስታ ክትባት በኬንያ ዋልተር ፕላውራይት ያዘጋጀው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነበር፤ ሙሉ አር ኤን ኤው ከነ ፕሮቲኑ ማለት ነው። ከብቱ በዚያ ተከተበ። ወለደ፣ ተዋለደ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ጥጆቹ የደስታን ጂን ይዘው አልተወለዱም።

የኩፍኝ ክትባትም እንዲሁ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። 16,000 ፊደል ገደማ አር ኤን ኤ አለው። ዛሬ በደብረ ብርሃን ጎዳና ላይ ከሚሄደው ወጣት ብዙው በልጅነቱ ወስዶታል፤ አሁን ልጆች ወልዷል። የጸሐፊው ክርክር ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር ከኮቪድ ብዙ ዓመት በፊት በታየ ነበር። ቴክኖሎጂው የተለያየ መሆኑን አውቃለሁ። እሳቸው ያነሱት ግን የቴክኖሎጂ ጥያቄ አይደለም፤ «አር ኤን ኤ ወደ ሰውነት ከገባ ዘር ውስጥ ይገባል» ነው ያሉት።

ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወላጅ በክትባት ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ላያውቅ ይችላል። ልጁ በ9 ወሩና በ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይጠብቀዋል። «አር ኤን ኤ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል» የሚለውን ያነበበ አባት ጤና ጣቢያ መሄዱን ሊተው ይችላል። ኩፍኝ ደግሞ ሕፃን ይገድላል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ስለ ተላላኪው፣ ስለ ውዳቂው፣ ስለ ቅንጦቱ በፈለጉበት ጊዜና ቦታ እንወያይ፤ እኔም ያልገባኝ ካለ ያስረዱኝ። ሦስተኛውን ነጥብ ግን ዛሬውኑ ከጽሑፉ ያውጡት፤ ቀድሞ ለላኩላቸው ሰዎች ሁሉም ማውጣትዎን ጽፈው ይላኩላቸው።